ቄሳር በእርግጥ «አንተም ብሩቱስ?» ብሏል? የሮማን ታሪክ በነፃ ከምንጩ የማጣራት መመሪያ

የሮማን ታሪክ ከሥሩ ላንብብ ብለው ተነሥተው መንገድ ላይ የቀሩ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። አንዱ እኔ ነበርኩ። ጥፋቱ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። መጀመሪያ ሠላሳ ፒዲኤፍ ይወርዳል። ከዚያ ከሁሉም ወፍራሙ ይከፈታል። ገጽ አርባ ላይ ስማቸው የሚመሳሰል ሦስት ቆንስሎች (የሮማ ከፍተኛ ሹሞች) ተከታትለው ይመጣሉ። በቃ፣ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል።

እዚህ የምንሠራው አንድ ትንሽ ሥራ ነው። አንድ ዝነኛ አባባል፣ የሮማው ገዥ ቄሳር ከገዳዮቹ አንዱ ለሆነው ለብሩቱስ ብሎታል የሚባለውን «አንተም ብሩቱስ?»፣ እንይዛለን፤ እስከ ጥንታዊው ጽሑፍ ድረስ እንከተለዋለን። ሁለት ምሽት ይበቃል። መንገዱን አንዴ ከሄዳችሁበት ሌላውንም ጥያቄ በዚሁ ትሠሩታላችሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት

ስልክ ይሠራል፣ ኮምፒውተር ይሻላል። ደብተርና እስክሪብቶ ግን የግድ ነው። ትርጉሞቹ በእንግሊዝኛ ስለሆኑ እንግሊዝኛ ማንበብ ያስፈልጋል። ላቲን አሁን አያስፈልግም።

ለጥንቱ ጽሑፍ የምትከፍቱት አራት ቦታ ብቻ ነው። አምስተኛ አትጨምሩ።

ላኩስኩርቲየስ፦ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሰርቨር ላይ ያለ ገጽ ነው። ሱዌቶኒየስ፣ ፕሉታርክ፣ አፒያን፣ ካሲየስ ዲዮ፣ ታሲተስ ሁሉም አሉበት። ስሙ ሁለት የላቲን ቃላት ተጣብቀው ነው፤ «ኩ» የሚለው ድምፅ ሁለቱም ቦታ ላይ በ«ሲ» ፊደል ይጻፋል። ገጾቹ ቀላል ስለሆኑ ዳታ አይበሉም።

ፐርሲየስ፦ የተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ዲጂታል ላይብረሪ ነው። የላቲኑን ቃል ስትነኩት ይተነትንላችኋል።

ሎጂዮን፦ ነፃ የላቲንና የግሪክ መዝገበ ቃላት። በስልክም አፕ አለው።

ኢንተርኔት አርካይቭ፦ የቆዩ መጻሕፍት እስካን የሚገኝበት። ከሌሎቹ ስታጡ ብቻ ወደዚህ ኑ።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን አጥብቡ

«ስለ ቄሳር ማወቅ እፈልጋለሁ» ጥያቄ አይደለም፣ ምኞት ነው። ደብተራችሁ ላይ እንዲህ ጻፉ፦ «ዩልየስ ቄሳር ሲገደል ለብሩቱስ ምን አለው? እንዲህ አለው የሚለውስ የትኛው ጸሐፊ ነው?»

ከሥሩ ቀኑን አስፍሩ፦ ማርች 15 ቀን 44 ቅ.ል.ክ.፣ ማለትም ከክርስቶስ ልደት በፊት። ማርች ያልኩት ሆን ብዬ ነው። መጋቢት ካላችሁ በኋላ ቀኑ ይዛባባችኋል።

*ማስጠንቀቂያ፦* የሮማ ታሪክ ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት እየቀነሳችሁ ወደ እኛ አትቀይሩ። አንዱን ቀይራችሁ ሌላውን ከረሳችሁ ጉድ ይፈላል።

*ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ፦* ዜሮ ዓመት የለም። ከ1 ቅ.ል.ክ. ቀጥሎ የሚመጣው 1 ዓ.ም. ነው። አውግስጦስ በሴፕቴምበር 63 ቅ.ል.ክ. ተወለደ፣ በኦገስት 14 ዓ.ም. ሞተ። 63 እና 14 ደምራችሁ 77 ካላችሁ ተሳስታችኋል። አንድ ቀንሱ። የልደት ቀኑ ገና አንድ ወር ስለቀረው ደግሞ ሌላ አንድ ቀንሱ። ዕድሜው 75 ነው።

ሮማውያን ቀን ሲቆጥሩ መነሻውንም መድረሻውንም ይቆጥራሉ። ይሄ እኛን አያስቸግረንም። ከስቅለት ዓርብ እስከ ትንሣኤ እሑድ «በሦስተኛው ቀን» እንላለን፤ እነሱም እንዲሁ ነው የሚሉት። «ከኢደስ በፊት ሦስተኛው ቀን» ካሉ፣ ኢደስ (የወሩ አጋማሽ ቀን) 15 ከሆነ፣ ቀኑ 13 ነው።

ደረጃ 2፦ የምስክሮቹን ስም ሰብስቡ

የእንግሊዝኛውን ዊኪፒዲያ ክፈቱና ስለ ቄሳር ግድያ የተጻፈውን አውጡ። ላዩን አታንብቡ። በቀጥታ ወደ ግርጌ ማስታወሻዎቹ ውረዱ።

የጥንቱን ጸሐፊ ከዘመናዊው ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ። የዘመናዊ ጸሐፊ ስም አጠገብ የሕትመት ዓመትና የገጽ ቁጥር አለ። የጥንቱ አጠገብ ግን ነጥብ የገባባቸው ቁጥሮች ብቻ ይኖራሉ። የምትፈልጉት እነዚያን ነው።

ስታበቁ ዝርዝራችሁ ይህን ይመስላል፦

— ሲሴሮ፦ በዘመኑ የነበረ፣ የሴኔት አባል
— ኒቆላዎስ ዘደማስቆ፦ በአውግስጦስ ዘመን
— ፕሉታርክና ሱዌቶኒየስ፦ ከ150 ዓመት በላይ ዘግይተው
— አፒያን፦ በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ
— ካሲየስ ዲዮ፦ በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ

ከእያንዳንዱ ስም ጎን ከድርጊቱ ምን ያህል እንደሚርቅ መጻፍ አትርሱ። ብዙ ሰው ይህን ይዘላል። ከዚያ ዲዮን እንደ ዓይን ምስክር ይጠቅሳል።

ደረጃ 3፦ ቁጥሩን ማንበብ ተማሩ

አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ስለዚህ አትቸኩሉ።

የጥንት ጽሑፍ በገጽ ቁጥር አይጠቀስም፤ ገጹ ከሕትመት ሕትመት ይለያያል። የሚጠቀሰው እንደ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ዮሐንስ 3፥16 ማንኛውም መጽሐፍ ቅዱስ ላይ አንድ ቦታ ነው። የሮማ ታሪክ ጸሐፊው ሊቪ 21.35.4 ሲባልም እንደዚያው፦ መጽሐፍ 21፣ ምዕራፍ 35፣ ክፍል 4።

ግጥም ከሆነ ሁለተኛው ቁጥር ስንኝ ነው። የቨርጂል ኤኔይድ 1.33 ማለት የአንደኛው መጽሐፍ 33ኛ ስንኝ ነው። ይህ ቁጥር የላቲኑ ስለሆነ የእንግሊዝኛው ትርጉም ላይ ጥቂት ስንኝ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሊሆን ይችላል።

የሱዌቶኒየስ ለየት ይላል። እሱ የጻፈው የነገሥታት ሕይወት ስለሆነ የሰውየው ስም ይቀድማል፦ «ዩልየስ 82»። ፕሉታርክም እንዲሁ፦ «ቄሳር 66»፣ «ብሩቱስ 17»።

ሲሴሮ ላይ ግን ተጠንቀቁ። የሱ ጽሑፎች ሁለት ዓይነት ቁጥር አላቸው። አንደኛው ረጃጅም ምዕራፎችን ይቆጥራል፣ ሌላው ትንንሽ ክፍሎችን። ሁለቱም ጎን ለጎን ነው የሚሄዱት፤ ምዕራፉ ሲቀየር የክፍሉ ቁጥር እንደገና ከአንድ አይጀምርም። ስለ ጥንቆላ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ቄሳር የሱ ባላንጣ በነበረው በፖምፔ ሐውልት ሥር ስለመውደቁ የሚናገረው ቦታ 2.23 ይባላል። አንዳንዱ 2.9.23 ብሎ ይጽፈዋል፤ ምዕራፍ 9፣ ክፍል 23 ማለቱ ነው። እኔ ምዕራፍ 23 ብዬ ከፍቼ ቄሳርን ስፈልግ አመሸሁ። የለም። ጠቃሹ ዋሽቷል ብዬ ሁለት ቀን ሳማው ከረምኩ።

*ካልተገኘ፦* ቁጥሩን በሌላኛው አቆጣጠር ሞክሩ። የትልቁ ፕሊኒ የተፈጥሮ ታሪክም ይኸው ጣጣ አለበት።

*አሁንም ካልተገኘ፦* ጽሑፉ ራሱ መትረፉን አጣሩ። ሊቪ 142 መጻሕፍት ጽፎ የተረፉት 35 ናቸው፦ ከ1 እስከ 10 እና ከ21 እስከ 45። «ሊቪ፣ መጽሐፍ 116 ላይ እንዳለው» የሚል ካያችሁ፣ ያ ሰው ያየው ቢበዛ ኋላ የተሠራ አጭር ማጠቃለያ ነው። ከታሲተስ የታሪክ ሥራ ከአናልስም ከ7 እስከ 10 ያሉት መጻሕፍት ጠፍተዋል።

ቻትቦት ጠይቃችሁ ቁጥር ከሰጣችሁም ከፍታችሁ እዩ። ደህና የሚመስል ቁጥር ይሰጣል፤ ስትከፍቱት ስለ ዝሆን የሚያወራ ገጽ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 4፦ ጽሑፉን ክፈቱና ከፍ ብላችሁ ጀምሩ

ላኩስኩርቲየስ ላይ ሱዌቶኒየስን፣ ቀጥሎ ዩልየስን ክፈቱ። 82ን ፈልጉ። አሁን ወደ ላይ ተመለሱና ከ80 ጀምሩ።

ለምን? ምክንያቱም 82ን ብቻ ካነበባችሁ ነገሩ የተፈጸመው ዝነኛው የሮም አደባባይ ፎረም ላይ ይመስላችኋል። ከፍ ብላችሁ ካነበባችሁ ግን ሴኔቱ ያን ቀን የተሰበሰበው ፖምፔ ባሠራው አዳራሽ እንደነበር ታያላችሁ። ቦታው ዛሬ ሮም ውስጥ ላርጎ ዲ ቶሬ አርጀንቲና ይባላል። ፍርስራሹ መሐል ድመቶች ይኖራሉ።

ስታነቡ ሦስት ነገር ብቻ ጻፉ፦ ስንት ቁስል? ምን አለ? ጸሐፊው እርግጠኛ ነው ወይስ «ይባላል» ይላል?

*ማስጠንቀቂያ፦* ሁለት ብሩቱስ አለ። ማርቆስ ዩኒየስ ብሩቱስ ዝነኛው ነው። ዴሲመስ ብሩቱስ ደግሞ ቄሳርን ከቤቱ አግባብቶ ያመጣው ነው። ሁለቱም ወጉት። «ብሩቱስ» ብቻ ስታገኙ የትኛው እንደሆነ ሳታጣሩ አትጻፉ።

*ገጹ ካልከፈተ፦* ፐርሲየስ አንዳንዴ ይንቀራፈፋል። ሃያ ጊዜ አትጫኑት፤ ላኩስኩርቲየስ ላይ ያንኑ ቁጥር ክፈቱ። ሁለቱም ላይ ከሌለ ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ የሎብን የቆየ ሕትመት ፈልጉ። ሎብ የሚባሉት በአንድ በኩል ዋናው ጽሑፍ፣ በሌላው በኩል እንግሊዝኛው ያለባቸው ትንንሽ መጻሕፍት ናቸው፤ ቀዩ ላቲን፣ አረንጓዴው ግሪክ። አዲሱ የሎብ ድረ ገጽ ክፍያ ይጠይቃል። የ1910ዎቹ ሕትመቶች ግን በነፃ ይወርዳሉ። ዳታ ለመቆጠብ ወፍራሙን ፒዲኤፍ ትታችሁ የምትፈልጉትን ገጽ እዚያው አንብቡና ስክሪንሾት አንሱ።

የድሮ ትርጉም አንድ ዓመል አለው። ነውር የመሰለውን ይሸፍናል። የማርሻልን ግጥሞች ያሳተመው የድሮው ሎብ ባለጌ የሆኑትን ወደ ጣሊያንኛ ነው የተረጎማቸው! እንግሊዝኛ እያነበባችሁ ድንገት ጣሊያንኛ ከመጣ ኮምፒውተራችሁ አልተበላሸም።

ደረጃ 5፦ ላቲኑን ንኩ

አትፍሩ። ጥቂት ቃል ብቻ ነው የምንነካው።

እንዲያውም አማርኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ ከእንግሊዝ ይሻላል። ቄሳር ብሏል የሚባለውን «ቬኒ፣ ቪዲ፣ ቪኪ» ውሰዱ። በአማርኛ «መጣሁ፣ አየሁ፣ አሸነፍኩ»። ሦስት ቃል በሦስት ቃል። እንግሊዝኛው ስድስት ቃል ይፈልጋል፤ «እኔ» የሚለውን ለብቻው መጻፍ አለበታ። የላቲን ግሥ እንደኛው ባለቤቱን በሆዱ ይይዛል። ብዙ ጊዜም እንደኛው መጨረሻ ላይ ይመጣል። «ን» የምትለዋ የተሳቢ ምልክታችንም እዚያ ዘመድ አላት።

አሁን ፐርሲየስ ላይ የሱዌቶኒየስን ዩልየስ 82 በላቲን ክፈቱ። «ትሪቡስ ኤት ቪጊንቲ ፕላጊስ» የሚለውን ፈልጉ። «ፕላጊስ»ን ንኩት። ማሽኑ ከአንድ በላይ መልስ ይሰጣል፦ ምት ወይም ቁስል፣ ወይም የአደን መረብ፣ ወይም አካባቢ።

የጀማሪ ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው። ቄሳር በ23 መረብ ተያዘ ብሎ የሚጽፍ ይኖራል። ልዩነቱ «ፕላ» የሚለው ረዥም ወይም አጭር ሆኖ መነበቡ ነው፤ ተራው አጻጻፍ ግን አያሳየውም። የኛን «አለ» አስቡ። «ተናገረ» ነው ወይስ «ይገኛል»? ጠብቆ ወይም ላልቶ ሲነበብ እንጂ በፊደሉ አይለይም። በዙሪያው ያለው ዓረፍተ ነገር ነው የሚነግራችሁ። እዚህ «ተወግቶ» የሚል ቃል አጠገቡ ስላለ ቁስል ነው። 23 ቁስል። ከተጠራጠራችሁ ቃሉን ሎጂዮን ላይ አውጡና ምሳሌዎቹን እዩ።

ጥቂት ዝቅ ስትሉ የዛሬዋ ዋና ቃል ትመጣለች፦ «ትራዲዴሩንት ክዊዳም»። «አንዳንዶች አውርተዋል» ማለት ነው። አማርኛችን ለዚህ አንድ ቃል አለው፦ «አሉ»። ሱዌቶኒየስ የሚለው፣ ቄሳር በመጀመሪያው ምት አንዴ ከማቃሰቱ በቀር ቃል ሳይተነፍስ ሞተ ነው። ከዚያ ጨምሮ፣ ማርቆስ ብሩቱስ ሲመጣበት «አንተም ልጄ?» ብሎታል አሉ፣ ይላል። ያቺ «አሉ» ከጠፋች ወሬው ታሪክ ይሆናል።

ሌላም ነገር እዩ። ያ ንግግር የተጻፈው በግሪክኛ ነው። ላቲኑ መሐል የግሪክ ፊደል ብቅ ይላል። ላቲኑ «ኤት ቱ፣ ብሩቴ» (አንተም ብሩቱስ) እዚያ የለም።

*ማስጠንቀቂያ፦* ላቲኑን በማሽን ወደ አማርኛ አስተርጉማችሁ አታምኑት። «አሉ»ን የመሰለች ትንሽ ቃል ቀድማ የምትወድቀው እዚያ ነው።

ደረጃ 6፦ አስተያዩ

ደብተራችሁን በሁለት ዓምድ ክፈሉ፤ ቁስል እና ንግግር። አሁን አንድ በአንድ ሙሉ።

ሱዌቶኒየስ፦ 23። ዝም አለ፤ ግን «አንተም ልጄ» ብሏል አሉ።
ፕሉታርክ (ቄሳር 66)፦ 23። መጀመሪያ በወጋው በካስካ ላይ ጮኸ። ብሩቱስ ጩቤ መዞ ሲያየው ቶጋውን (መጎናጸፊያውን) ተከናነበ ይባላል፤ ለብሩቱስ ግን ምንም አላለም።
አፒያን (የእርስ በርስ ጦርነቶች 2.117)፦ 23። ለብሩቱስ የተነገረ ቃል የለም።
ዲዮ (44.19)፦ ብዙ ቁስል። ምንም ማለት አልቻለም፤ አንዳንዶች ግን «አንተም ልጄ» ይጨምራሉ።
ኒቆላዎስ፦ 35።

አንድ ሰው ከብዙዎቹ ተለይቶ ሌላ ቁጥር ሲሰጥ ወዲያው «ውሸታም» አትበሉት። ኒቆላዎስ ከሲሴሮ በቀር ለድርጊቱ ከሁሉም ይቀርባል። በሌላ በኩል ሦስቱ 23 ያሉት ከአንድ ምንጭ ቀድተው ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ጻፉና ተዉት። ሱዌቶኒየስ አንቲስትየስ የሚባል ሐኪም አስከሬኑን አይቶ ገዳዩ አንድ ብቻ፣ ደረት ላይ የገባው ሁለተኛው ነው ማለቱንም አስፍሩ።

መልሳችሁ እንዲህ ይሆናል፦ «አንተም ልጄ» እንደ ወሬ በሁለት ጸሐፊዎች ተጠቅሷል፤ ሁለቱም ራሳቸው እርግጥ ነው አላሉም። ላቲኑን ዝነኛ ያደረገው በ1599 አካባቢ የተጻፈው የሼክስፒር ድራማ ነው።

ደረጃ 7፦ ከጽሑፍ ውጭ ያለውን እዩ

ይህን መዝለል ትችላላችሁ፤ እኔ ግን በጣም ነው የምወደው። የሮማ ሪፐብሊክ ሳንቲሞች ኢንተርኔት ላይ በነፃ ተዘርዝረዋል። 508/3 የሚለውን ቁጥር ፈልጉ። ብሩቱስ ከግድያው በኋላ ያስመታው ሳንቲም ነው። ሁለት ጩቤ፣ መሐላቸው ነፃ የወጣ ባሪያ የሚያደርገው ቆብ፣ ከሥር የማርች ኢደስ የሚል አጭር ጽሑፍ አለበት። ገዳዩ ግድያውን ገንዘብ ላይ አትሞ ያከፋፈለው ነው እንግዲህ።

የመንገድ ጥያቄ ካላችሁ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ኦርቢስ ከአንድ የሮማ ከተማ ወደ ሌላው ስንት ቀን እንደሚፈጅ ያሰላል። የቦታ ስም ከጠፋባችሁ ፕሊያዲስ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ፈልጉ።

«ኢትዮጵያ» የሚል ስታገኙ ቁሙ

የኛ ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ነው። የጥንት ጸሐፊ «ኢትዮጵያ» ሲል ብዙ ጊዜ ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን አገር፣ በተለይ ሜሮዌን ማለቱ ነው። ስትራቦን 17ኛው መጽሐፍ ላይ ከሮማውያን ጋር የተዋጋች፣ አንድ ዓይን የሌላት ካንዳኬ አለች። የሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ያለችው ህንደኬ ናት ብላችሁ አትቸኩሉ። ካንዳኬ የሜሮዌ ንግሥቶች የማዕረግ ስም ነው፤ በሁለቱ መካከልም ሃምሳ ዓመት ያህል አለ።

አክሱምን የምትፈልጉ ከሆነ ቁልፉ ቃል «አዱሊስ» ነው። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር ፔሪፕለስ (የባሕር ጉዞ መመሪያ) ምዕራፍ 4 ላይ ወደቡና የአክሱማውያን ከተማ አሉ። ምዕራፍ 5 ላይ ዞስካሌስ የሚባል ገዥ አለ። ደራሲው ስስታም ይለዋል፤ ግሪክኛ መማሩን ግን ይመሰክርለታል። የ1912ቱ የእንግሊዝኛ ትርጉም ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ በነፃ አለ።

ሌሎች ችግሮች

*ስሙን ስፈልግ አይመጣም።* በመጽሐፍ ቅዱስ አጠራር ፈልጋችሁ ይሆናል። ጢባርዮስ፣ ቀላውዴዎስ፣ ኔሮን ከግሪክኛው የመጡ ናቸው። በእንግሊዝኛው አጻጻፍ ሞክሩ።

*«ሲ ነጥብ» የሚል ሰው ማን ነው?* ሮማውያን የመጀመሪያ ስምን ያሳጥራሉ። «ሲ» ሁልጊዜ ጋይየስ ነው፤ ስሙ በ«ጂ» ቢጻፍም።

*ሂስቶሪያ አውጉስታ የሚል ምንጭ አገኘሁ።* ስለ ኋለኞቹ ነገሥታት ጣፋጭ ወሬ አለበት፣ ግን በፈጠራ ደብዳቤና ሰነድ የተሞላ ነው። ሌላ ምስክር ካላገኛችሁ አትጠቀሙበት።

ቀጣዩን ለብቻችሁ ሥሩት

«ሮም ስትቃጠል ኔሮን ይዘፍን ነበር» ይባላል። ዓመቱ 64 ዓ.ም. ነው። ሦስት ቦታ ክፈቱ፦ ታሲተስ አናልስ 15.39፣ ሱዌቶኒየስ ኔሮ 38፣ ዲዮ 62.18። በታሲተስ ጀምሩ። እሳቱ ሲነሣ ኔሮን የት ከተማ እንደነበረ ጻፉ። ከዚያ ስለ ዘፈኑ ሲናገር «አሉ» የምትለዋን ፈልጉ፤ ሌሎቹ ሁለቱ ጋ መኖር አለመኖሯን እዩ።